የካዎ ጦና ጋጋ ብርታትና ጉድለት

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ እንደ መሪ ሲመዘኑ በምን እንደሚከብዱ በምንስ እንደሚቀልሉ ነው። ጉዳዩን የመረጥነው ከእኛ በፊት ማንም ያላየውን ነገር አግኝተናል ብለን አይደለም። ስለ እሳቸው በቃልም በጽሑፍም የሚነገረው፥ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ምስጋና ብቻ ወይ ነቀፋ ብቻ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ሐሳቡ የመጣልን ከሩቅ አገር ታሪክ ነው። ሶዶ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከን ታሪክ ደረሰን። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ መስመር ከሁለት ከፈሉና፥ በቀኝ በኩል ብርታታቸውን በግራ በኩል ጉድለታቸውን እየወጣን እንድንጽፍ አዘዙን። ቀኙ ወዲያው ሞላ፤ ከድኻ ቤት ተነሥተው ለታላቅ ሥልጣን መብቃታቸው፥ ለሁለት የተከፈለችውን አገር አንድ ማድረጋቸው፥ በ1863 እ.ኤ.አ. ባሮችን ነፃ የሚያወጣውን አዋጅ ማወጃቸው ተጻፈ። ግራው ግን ባዶ ቀረ። በመጨረሻ መምህሩ ራሳቸው ጠመኔውን አነሡና ጻፉ፦ አዋጁ ያመፁትን ክፍሎች ብቻ ይመለከት እንደ ነበረ፤ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ወደ ሌላ አገር ሄደው ይስፈሩ የሚለውን ሐሳብ ለብዙ ጊዜ ደግፈው እንደ ነበረ፤ በ1862 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ 38 የዳኮታ ተወላጆች በአንድ ቀን የተሰቀሉት እሳቸው በፈቀዱት ፍርድ እንደ ነበረ። ከዚያም ወደ ቀኙ ተመልሰው፥ ሞት ከተፈረደባቸው ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ውስጥ አብዛኞቹን ከሞት ያዳኑት እሳቸው መሆናቸውን ጨመሩ።

ከጓደኞቻችን አንዱ እጁን አንሥቶ «ታዲያ ጦናስ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ይህን መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው ብለው ሰሌዳውን ጠረጉ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የቀረበ የቤት ሥራ ነው ቢባል አንቀየምም።

የታሪኩ አካሄድ

ካዎ ማለት በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። የካዎዎቹ አገር ከዳሞታ ተራራ ዙሪያ ተነሥቶ በምዕራብ እስከ ኦሞ ወንዝ፥ በደቡብ እስከ አባያ ሐይቅ አቅራቢያ የሚደርስ፥ እንሰትና እህል የሚበቅልበት፥ ከብት የበዛበት፥ ሕዝቡም ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነበረ። ከካዎ ጦና በፊት የነበሩት ነገሥታት አገሩን ለመጠበቅ የድንጋይ ካብ አስከብበዋል፥ ጉድባም አስቆፍረዋል። በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው ካብ ፍራሹ ዛሬም ይታያል። ካዎ ጦና ይህን አገር በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወረሱ። ሕዝቡ የቤተ መንግሥታቸውን ቦታ ሲያሳይ በዳሞታ ተዳፋት ላይ ያለውን ዳልቦን ይጠቁማል።

የነገሡበት ዘመን ክፉ ነበረ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የከብት በሽታ የሰሜኑንና የመካከለኛውን የኢትዮጵያ ክፍል ከብት ፈጀው፤ በሬ ስለ ጠፋ እርሻው ቆመ፤ እርሻው ስለ ቆመ ሕዝቡ በረሀብ አለቀ። ሕዝቡም ያን ጊዜ «ክፉ ቀን» አለው። ደመወዝ የሌለው፥ ከደረሰበት አገር እየበላ የሚኖር ብዙ ጦር የነበረው የሸዋ መንግሥት፥ በእነዚያ ዓመታት ዓይኑን ወደ ደቡብ አገሮች ይበልጥ ማቅናቱ ከዚህ ችግር ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

አፄ ምኒልክ ካዎ ጦና ገብረው እንዲኖሩ ላኩባቸው፤ እሳቸውም እምቢ አሉ። ከዚያ በፊት የሸዋ የጦር አለቆች ወላይታን ለመያዝ ሞክረው አልሆነላቸውም ነበር። በ1887 ዓ.ም. በኅዳር ወር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ። ከእሳቸውም ጋር የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ከነጦራቸው ነበሩ። የወላይታ ሰው በአብዛኛው የያዘው ጦርና ጋሻ ሲሆን የዘመተው ሠራዊት ብዙ ጠመንጃ ነበረው። ውጊያው ወደ ታኅሣሥ ወር ዘለቀ፤ ቤት ተቃጠለ፥ ሕዝብ አለቀ፥ ብዙ ሰው ተማረከ። ካዎ ጦና ቆስለው ተያዙና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የወላይታ መንግሥት በዚሁ አበቃ። ሕዝቡ በገባርነት ለባለ ጠመንጃው ተከፋፈለ፤ ሶዶም የሠፈር ከተማ ሆና አደገች።

ስለ ሦስቱ ምስክሮች

ስለዚህ ነገር የሚናገሩ ምስክሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ነው። ሁለተኛው ዘመቻውን ተከትሎ ሄዶ ያየውን በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳተመው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሄይም ነው። ሦስተኛው የአገሩ ሽማግሌዎች ቃል ነው።

የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሥራው የጌታውን ሥራ መመዝገብ ነው። እንቢ ያለውን ሁሉ ልበ ደንዳና አድርጎ ማሳየት የወንበሩ ግዴታ ስለ ሆነ፥ ጸሐፊውን በዚህ መውቀስ አይገባም። የሚወቀሰው፥ ያን ቃል ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ፍርድ አድርጎ የሚደግም አንባቢ ነው።

ፈረንሳዊው ለምኒልክም ለጦናም የሚያደላበት ምክንያት አልነበረውም። በእርሱ ምስክርነት ንጉሠ ነገሥቱ ለራሳቸው ድርሻ የወሰዱት 18,000 ከብትና 1,800 ባሮች ናቸው። ይህ ቃል ስለ ዘመቻው ምክንያት ከብዙ ገጽ ክርክር ይበልጥ ይናገራል። ሆኖም ነጋዴው የተጓዘው በአንድ ወገን ድንኳን ውስጥ ነው። ካዎ ጦና ከአማካሪዎቻቸው ጋር የተነጋገሩትን አልሰማም፤ ስለዚህ ስለ ቁስሉ እንጂ ስለ ቆሳዩ ሐሳብ ሊመሰክር አይችልም።

የሽማግሌዎቹ ቃል የቀረውን ይሞላል፤ ነገር ግን እርሱም ጌታ አለው። የተሸነፈ ሕዝብ የመጨረሻ ንጉሡን ሲያስታውስ ሐዘኑን ጭምር በእርሱ ላይ ያለብሰዋል። ስለዚህ የጦና ቁመት፥ የጦና ድምፅ፥ የጦና ፈረስ በየተረቱ እያደገ ይሄዳል። እኛም ልጆች ሳለን በጊፋታ በዓል እሳት ዳር ይህን እየሰማን ስላደግን፥ ከዚህ ፍቅር ነፃ ነን ብንል እንዋሻለን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልናመለክት እንወዳለን። አንደኛው ስለ ሙታን ቁጥር ነው። በዚህ ዘመቻ ያለቀው የወላይታ ሕዝብ ከመቶ ሺህ በላይ ነው የሚል ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይሻገራል። ይህ ቁጥር በሁለቱም ወገን የተወደደ መሆኑን አስተውለናል፤ ለገዳይ ልጅ ፉከራ፥ ለተገዳይ ልጅ ማስረጃ ይሆነዋል። ነገር ግን በጦር ሜዳ የሚቆጠር ግዳይ ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አንድ አይደለም። ዘመቻው ከዘመኑ ዘመቻዎች ሁሉ እጅግ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ መሆኑን ሁሉም ምስክሮች ያጸናሉ፤ ይህም ለፍርዳችን ይበቃል።

ሁለተኛው ስለ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ ስለ ሁለቱ ነገሥታት ሲነገር፥ ብዙ ጊዜ «ምኒልክ ዘመቱ፥ ጦና ተማረከ» ይባላል። አንዱ በብዙ ቁጥር ይከበራል፥ ሌላው በነጠላ ይጠራል። ተናጋሪው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ፍርዱ አልቋል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም «እሳቸው» ያልነው፥ ሊንከንንም እንዲሁ ያደረግነው፥ ስሕተታቸውን ለመሸፈን ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ወንበር አስቀምጠን ለመጠየቅ ነው።

ብርታት

የካዎ ጦና የመጀመሪያ ብርታት እምቢታቸው ነው። አንዳንዶች ይህን እልከኝነት ይሉታል። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፦ ጥያቄው ምን ነበረ? በአገሩ የተቀመጠ ንጉሥ ያላጠፋውን ካሣ እንዲከፍል፥ ያልተበደረውን ግብር እንዲገብር መጠየቁ ነው። እንዲህ ላለው ጥያቄ እምቢ ማለት ጥፋት ከሆነ፥ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውም ጥፋት ነው ማለት ይሆናል። ከወላይታ ዘመቻ እስከ አድዋ ድል አሥራ አራት ወር ገደማ ብቻ ነው። ኢጣሊያ የውጫሌን ውል ይዛ የመጣችበትን ነገር አፄ ምኒልክ እምቢ ሲሉ ዓለም አደነቀ፤ እኛም እናደንቃለን። ስለዚህ ይህንኑ እምቢታ በዳሞታ ሥር ስናገኘው ስሙን ልንለውጥለት አይገባም። የፈሰሰው ደም ዕዳም በመጀመሪያ የሚወድቀው በቤቱ በነበረው ላይ ሳይሆን በዘመተው ላይ ነው። ይህን በግልጽ ካላስቀመጥን ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የተሸናፊ ወቀሳ ሆኖ ይነበባል።

ሁለተኛው ብርታት ሕዝቡን በአንድነት ማቆማቸው ነው። ያ ሁሉ ጠመንጃ የያዘ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመሩት ሠራዊት በአንድ ቀን ውጊያ አልጨረሰም። ወላይታ ለብዙ ቀናት ተዋጋ። ሕዝቡ ንጉሡን ጠልቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሁለት ቀን ባለቀ ነበር፤ ንጉሡን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ከየአቅጣጫው በተነሣ ነበር።

ሦስተኛው፥ ሲሸነፉ ከሕዝቡ መካከል መገኘታቸው ነው። ኦሞን ተሻግሮ ማምለጥ ለንጉሥ የማይገኝ ዕድል አልነበረም። እሳቸው ግን በአገራቸው ውስጥ ቆስለው ተያዙ። መሪ ሕዝቡን ለሞት ከጠራ በኋላ ራሱ ከሞት ፊት መቆሙ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ይህን ያላደረጉ መሪዎች በሩቁም በቅርቡም ታሪክ ብዙ ናቸው።

ጉድለት

አሁን ወደ ሰሌዳው ግራ እንመጣለን። ይህን ክፍል ለመጻፍ የደፈርነው ባለፈው ዕረፍት ሶዶ ገበያ ላይ በሰማነው ነገር ነው። አንዲት ሸክላ ሻጭ እናት ጋር ቁጭ ብለን ስለ ጦና ዘመን ቤተሰባቸው ምን ያስታውሳል ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ማሰሮውን በጣታቸው እያንኳኩ፥ የአያቶቻቸው ነገር በዚያ ዘመንም ከዚያ ወዲህም ያው እንደ ነበረ ነገሩን፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፥ ማዕድም አይካፈሉም፥ ንጉሡ ሲለወጥም ይህ አልተለወጠም። ስለ ጦና ክፉ አልተናገሩም። ደግም አልተናገሩም። የእኛ የተማሪዎቹ ዓይን በእንባ የሚሞላበት ስም ለእሳቸው የሩቅ ባለጌታ ስም ብቻ ነበረ።

ከዚያ ቀን በኋላ የካዎዎቹን አገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። ያ መንግሥት በእርግጥ የሥርዓት መንግሥት ነበረ፤ ግን ሸክላ ሠሪውን፥ ቆዳ ፋቂውንና ቀጥቃጩን ከሰው በታች ያደረገ፥ ባሪያም የነበረበት መንግሥት ነበረ። በየጊዜው ከዳውሮና ከከምባታ ጋር ይዋጋ ነበር፤ ከጦርነቱም ምርኮኛ ይመጣ ነበር። እነዚያን የድንጋይ ካቦችና ጉድባዎች ስናደንቅ፥ ድንጋዩን የተሸከመውና አፈሩን የቆፈረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። ይህን ሁሉ ካዎ ጦና አልጀመሩትም፤ ወረሱት። ሆኖም በንግሥና ዘመናቸው ሊለውጡት እንደ ተነሡ የሚናገር ምስክር ከሦስቱ ወገን አንድም የለም።

ይህ ነገር ከሽንፈቱ ጋር ምን አገናኘው ይባል ይሆናል። እንደሚመስለን ዋናው ግንኙነት ይህ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ ሲዘምቱ ወላይታ ብቻውን ቆመ። ከጐረቤት አገር አንድ እንኳ ለእርዳታ አልደረሰም። እንዴትስ ይደርሳል? ትናንት ልጁ የተማረከበት ጐረቤት ዛሬ ካቡ ሲፈርስ ቢያይ፥ ነገ ወደ እርሱ እንደሚመጣ ቢያውቅ እንኳ፥ ለጊዜው ልቡ ደስ ይለዋል። የካዎዎቹ ካብ ጠላት እንዳይገባ ተብሎ ተሠራ፤ ነገር ግን ወዳጅም እንዳይገባ ከለከለ።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ ዘመኑ ጦር መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት የመጡት የሸዋ አለቆች ተመልሰው ስለ ሄዱ፥ ወላይታ በጦርና በጋሻ፥ በካብና በጉድባ መመካቱ ጸና። ድል ክፉ አስተማሪ ነው፤ ትናንት የሠራውን ነገር ነገም ይሠራል ብሎ ያሳምናል። ነገር ግን ጠመንጃ በነጋዴ እጅ እየገባ እንደ ሆነ፥ በዙሪያ ያሉት አገሮች አንድ በአንድ እንደ ወደቁ ለንጉሥ ጆሮ የተሰወረ ወሬ አልነበረም። ንጉሥ እንደ ተራ ሰው በጀግንነቱ ብቻ አይመዘንም። ተራ ሰው በጦር ሜዳ በደረቱ ቢቆም ዕዳውን ጨረሰ፤ ንጉሥ ግን ሕዝቡን ወደዚያ ሜዳ ከማውጣቱ በፊት ምን አዘጋጀህ ተብሎ ይጠየቃል።

የጅማ መንገድ

እዚህ ላይ አንባቢ፥ «ታዲያ ቢገብሩ አይሻልም ነበር ወይ?» ብሎ ሳይጠይቀን አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ልናመልጠው አንሞክርም። የጅማው አባ ጅፋር ሳይዋጉ ገበሩ። በዚህም አገራቸው ከመቃጠል ዳነ፤ ገበያቸው ሞቀ፤ ቤተ መንግሥታቸውም እስከ ዛሬ ቆሞ ይጐበኛል። ጅማ የራሱን አስተዳደር እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ይዞ ቆየ። በሌላ በኩል የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾ እንደ ካዎ ጦና እምቢ ብለው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ተሸነፉ፤ በግዞትም አለቁ። እንግዲህ በቤት ቃጠሎና በሬሳ ብቻ ከቈጠርን አባ ጅፋር ብልኅ ናቸው፥ ሁለቱ ግን ተሳስተዋል ያሰኛል።

ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። የመገበር ዋጋው ግብሩ ብቻ አልነበረም። ጅማ በ1887 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ወላይታ የዘመተው ገባር ስለ ሆነ ነው። የራሱን ቤት ያዳነ ንጉሥ የጐረቤቱን ቤት ለማቃጠል ተጠራ፤ ሄደም። ከዚህ የተነሣ የአባ ጅፋርን መንገድ ሙሉ ጥበብ ብለን ልንጠራው አንችልም፤ ለአንዱ ሕዝብ የሰላም መንገድ የሆነው ለሌላው የጦር መንገድ ሆኗልና። ደግሞም ይህን ስንል አባ ጅፋርን ለመክሰስ አይደለም። ሕዝባቸውን አተረፉ፤ የተረፈው ሕዝብ ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ ይማራሉ።

ስለዚህ የዚያን ዘመን ደቡብ አገሮች ስናይ ሁለት መንገድ ብቻ የነበረ ይመስላል፤ ብቻውን ተዋግቶ መውደቅ፥ ወይም ገብሮ በሌላው ላይ መዝመት። ሦስተኛው መንገድ፥ ማለትም ጐረቤታሞቹ ተማክረው በአንድነት መቆም፥ ወይም በአንድነት ሆነው የተሻለ ውል መጠየቅ ማንም አልሞከረውም። ይህ የካዎ ጦና ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የዘመኑ ነገሥታት ሁሉ ጉድለት ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይበልጥ የተከፈለበት በወላይታ ስለ ሆነ፥ ትምህርቱን መውሰድ ከሁሉ ይበልጥ የሚገባው የወላይታ ልጅ ነው።

ፍርዳችን

ፍርዳችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። ካዎ ጦና እምቢ በማለታቸው ትክክል ነበሩ። ብቻቸውን እምቢ በማለታቸው ግን ሕዝባቸው ከባድ ዋጋ ከፈለ፤ ያም ብቸኝነት በአንድ ቀን የመጣ ሳይሆን የነገሡበት ሥርዓት ለብዙ ዘመን በውጭ በጐረቤት ላይ፥ በውስጥ በእጅ ባለሙያና በባሪያ ላይ የሠራው ሥራ ፍሬ ነበረ። ብርታታቸው የራሳቸው ነው፤ ጉድለታቸው ከወንበሩ ጋር የወረሱት ነው፤ የወረሱትን ሳይጠይቁ መቀመጣቸው ግን የራሳቸው ሆኖ ይቆጠራል።

ይህን ማለት ለምን አስፈለገ? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር ከሁሉ ያስገረመን ነገር፥ የንጉሥ ዳዊት ታሪክ የጸሐፊው ሕዝብ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ንጉሥ ታሪክ ሆኖ ሳለ የኦርዮን ነገር አለመሰወሩ ነው። የሚወዱትን ሰው ጥፋት ከነስሙ ጽፎ ማቆየት ጥላቻ አይደለም። ይልቁንም ልጆች ያን ጥፋት በሌላ ስም እንዳይደግሙት መጠበቂያ ነው።

የእኛም ፍርሃት ይኸው ነው። ካዎ ጦናን ያለ ጉድለት ብናስተምር፥ ከእሳቸው የምንወርሰው ብርታታቸውን ብቻ አይሆንም፤ ብቸኝነታቸውንም እንወርሳለን። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ደባልቆ የተዘጋጀ የትምህርት መጽሐፍ በመጣ ጊዜ ሶዶ እምቢ አለች፤ በዚያም የሰው ሕይወት ጠፋ። በኋላ ግን መጽሐፉ ቀረ። ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ «የጦና ደም ነው» ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ልዩነቱን እናስተውላለን፦ በዚህ ጊዜ የተጠየቀው ነገር ለወላይታ ብቻ የሚጠቅም አልነበረም። ጋሞውም ጎፋውም ዳውሮውም በየቋንቋው መማር ስለሚፈልግ የአንዱ እምቢታ የሌላው ጉዳት አልሆነም። ያለ ካብ እምቢ ማለት ይቻላል ማለት ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወላይታ ከጋሞ፥ ከጎፋና ከሌሎችም ጐረቤቶች ጋር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሆኗል፤ የአስተዳደሩም መቀመጫ ሶዶ ናት። የቀድሞዎቹ ካዎዎች ጐረቤቶቻቸውን በጦር ሜዳ ያገኟቸው ነበር፤ የእኛ ትውልድ በቢሮ በር፥ በአንድ አዳራሽ፥ በአንድ የጥናት ክፍል ያገኛቸዋል። ሶዶ የጐረቤት ልጅ ጉዳዩን ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደምትቀበለው ማየት፥ የካዎ ጦናን ታሪክ ምን ያህል እንደ ተረዳነው ማወቂያ ነው። በገበያው ዳር ሸክላ ዘርግተው የሚቀመጡት እናት የልጅ ልጃቸው ለማንም ቤት ለትዳር ስትታሰብ ሰው ጉሮሮውን ሳይጠርግ የሚቀበልበት ቀን ደግሞ ሁለተኛው ማወቂያ ነው።

በመጨረሻ፥ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የካዎ ጦናን ክብር ቀነሳችሁ የሚል የአገራችን ሰው ቢኖር አንደነቅም። መልሳችን አጭር ነው። መምህራችን ሰሌዳውን ከሁለት በከፈሉ ጊዜ ሊንከንን አላሳነሱብንም፤ ከዚያ ቀን በፊት ለእኛ ስም ብቻ የነበሩት ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሆኑ። ካዎ ጦናም ሰው ይሁኑ። በዚህ ክርክር ላይ የምናውቀውን የሚያርም፥ የጐደለውን የሚሞላ፥ ከሽማግሌ ቃል የሰማውን የሚያመጣ ጓደኛ ቢነሣ፥ በሚቀጥለው የዚህ መጽሔት ቍጥር በደስታ እንቀበለዋለን። በተለይ ከዳውሮ፥ ከከምባታና ከጅማ የመጡት ጓደኞቻችን በአያቶቻቸው ቤት ስለ ጦና የሚነገረውን ቢጽፉልን የሰሌዳው ግራና ቀኝ ያን ጊዜ በእውነት ይሞላል።